ከስብሰባ አዳራሹ ውጪ ያለው እርቅ

እ.ኤ.አ. በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ ሬዲዮ ሰው አስገድሏል። አር ቲ ኤል ኤም የተባለው ጣቢያ ዘፈን እያጫወተ፣ እየቀለደ፣ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ አስነሳ። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያችው አገር ሬዲዮ «ሙሴኬዌያ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ተጀመረ። በመሬት የተጣሉ ሁለት መንደሮች አሉ። የአንዱ መንደር ልጅ የሌላውን ትወዳለች። ሁቱ፣ ቱትሲ የሚል ቃል አይነሳም፤ አድማጩ ግን ስለ ማን እንደሚወራ አይጠፋውም።

ኤሊዛቤት ሌቪ ፓለክ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ገሚሱን ሰው ይህን ድራማ፣ ገሚሱን ደግሞ የጤና ድራማ ለአንድ ዓመት አስደመጠች። የአድማጮቹ የግል እምነት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነው፤ «እዚህ አካባቢ ምን ማለት ይቻላል፣ ምን ማድረግስ ነውር ነው?» የሚለው ግምታቸው። መጨረሻ ላይ ለየቡድኑ ቴፕ ከነካሴቱ ተሰጠ፤ ማን ይያዘው የሚለው ለእነሱ ተተወ። የጤናውን የሰሙት በአብዛኛው «የቀበሌው ኃላፊ ይያዘው» አሉ። የእርቁን የሰሙት ተከራከሩ፣ ተነጋገሩ፣ በጋራ ልንይዘው እንችላለን አሉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ልብ እስኪለወጥ መጠበቅ የለብንም ማለት ነው።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ2004 የሩዋንዳዋ ቡታሬ ከተማ ውስጥ ኦዲል ጋኪሬ ካቴሴ የተባለች የቴአትር ባለሙያ ሴት ከበሮ መቺዎችን አሰባሰበች። ከበሮ የወንድ ነበር። ባሏ የተገደለባት ሴትና ባሏ ገዳይ የነበረ ሴት በአንድ ምት ሊመቱ ቆሙ። አብሮ ለመምታት ደግሞ መተያየት ግድ ነው።

እኛም ጥበብ አላጣንም። በሰሜኑ ጦርነት ዘፋኝ ያላዘመተ ወገን አልነበረም። ፕሪቶሪያ ላይ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ፤ ቀረርቶው ግን ዩቲዩብ ላይ ዛሬም ይደመጣል። የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ሲቋቋም የአእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ እንዲመሩት መደረጉ አስደስቶኝ ነበር። ቁስል በአጀንዳ ብቻ እንደማይድን ከሐኪም በላይ ማን ያውቃል?

ሙሾ አለን እኮ! አልቃሿ ትነሳለች፣ የሟቹን ስም ትጠራለች፣ እርሻውን፣ በሬውን፣ ያልደረሰበትን ሠርግ ታነሳለች። ሌላው ይቀበላታል። በዚህ ጦርነት ግን ስንቱ ሬሳ ሳይገኝ፣ በወጉ ሳይለቀስለት ቀረ። ቆቦ ያለች እናት፣ ማይጨው ያለችው እናት ልጇን ምን ብላ እንዳለቀሰች ትስማ። ማይጨው ያለችውም የቆቦዋን ትስማ። በየቋንቋቸው፣ ከነትርጉሙ፣ ተራ በተራ።

ይህ ፍትሕን አይተካም። የገደለ ይጠየቅ፣ የተዘረፈ ይካስ። አልቃሿንም ለባለሥልጣን ጭብጨባ ብሎ መድረክ ላይ ማውጣት ሌላ በደል ነው። ፈቅዳ ትናገር፣ ስትፈልግ ታቁም።

ደሴና መቀሌ ያሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ለእንዲህ ያለ ሙሾና ድራማ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢሰጡ ለመነሻ ይበቃል። ወጪው ከአንድ ጉባኤ አበል የሚበልጥ አይመስለኝም። የድራማውን ድርሰት ግን ለመንግሥት ኮሙኒኬሽን ቢሮ አትስጡት። ጸሐፊዎቹ ከሁለቱም ወገን ይሁኑ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይጻፉት።