ባዶ ሕንፃ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚበራው ለማን ነው?

እስኪ የሚያውቅ ያስረዳኝ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ጠበቃው፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ አማካሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዷል። የጽዳት ሠራተኞቹም ከእኩለ ሌሊት በፊት ጨርሰው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ከእኔና ከአንድ ጥበቃ በቀር በሕንፃው ውስጥ የሰው ዘር የለም። ታዲያ ፎቁ ሁሉ ቦግ ብሎ የሚያድረው ለማን ነው? ለወንበሮቹ? እኛ ያደግነው «ቆጣሪው እየሮጠ ነው፣ አጥፉት!» እየተባልን ነው።

ብሶቴ ግን የኤሌክትሪክ ሒሳቡ አይደለም፤ እሱን ባለቤቶቹ ይክፈሉ። ብሶቴ ወፍ ነው። አዎ፣ ወፍ! የምትስቁ ሳቁና ጨርሱ፣ ከዚያ ታነባላችሁ።

በመሃል ዋሽንግተን፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። በዚህ ሥራ ላይ የእኛ ሰው ስንት እንደሆነ ለዚህ ከተማ ኗሪ አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል የፊት በሩን የምከፍተው እኔ ስለሆንሁ፣ ከመስታወቱ ሥር የወደቀውን መጀመሪያ የማየውም እኔ ነኝ። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ ከዚያም እንደገና በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ የወፍ ሬሳ ማንሳት የሥራዬ አካል ሆኗል። ርግብ አይደለም፣ ድንቢጥም አይደለም። ዋርብለር ነው።

ዋርብለሮች በአሜሪካ አህጉራት ብቻ የሚገኙ፣ በአብዛኛው ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩ ትናንሽ ወፎች ናቸው። ከ110 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩ ከ50 የሚበልጡት ከሜክሲኮ በስተሰሜን ይራባሉ። የብዙዎቹ ክብደት ሻይ ውስጥ ከሚጨመር ሁለት ማንኪያ ስኳር እምብዛም አይበልጥም። በቅርቡ ያነሣሁት ወንድ ነበር፤ ጀርባው የወይራ ቅጠል የመሰለ፣ ጉሮሮው ደማቅ ቢጫ፣ ግንባሩን ይዞ ዓይኖቹን ሸፍኖ እስከ ጉንጩ የሚወርድ ጥቁር ጭንብል ያለው። ኮመን የሎውስሮት ይሉታል። ሰውነቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። በጠዋት እየዞሩ እንዲህ ያሉትን ሬሳዎች የሚመዘግቡ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ከእነርሱ አንዷ የሆዱን ላባ እፍ ብላ ገለጠችና ከስሱ ቆዳ ሥር የተከማቸውን ቢጫ ስብ አሳየችኝ። የመንገድ ስንቁ ነው። ስንቁን ሳይጨርስ ነው እኛ በር ላይ የቀረው።

መንገዱን ደግሞ ስሙ። ብላክፖል ዋርብለር የሚባለው 12 ግራም ገደማ የሚመዝን ወፍ በአላስካና በካናዳ የጥድ ደኖች ይፈለፈላል። ክረምቱ ሲቃረብ ክብደቱ እጥፍ ሊሆን እስኪደርስ ይበላና ከሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ተነሥቶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል። ይህ ለረጅም ዘመን ግምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ግን በወፎቹ ጀርባ ላይ በታሰሩ ጥቃቅን መሣሪያዎች አረጋገጠው፤ ሁለት ሦስት ቀን ሳያርፉ፣ ሳይበሉና ሳይጠጡ ከ2,270 እስከ 2,770 ኪሎ ሜትር በርረው ካሪቢያን ደሴቶች ደርሰዋል። ከዚያ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይቀጥላሉ። በጸደይ ሲመለሱ በእኛ ሰማይ ላይ ያልፋሉ። እንግዲህ ውቅያኖስ ያልገደለውን ወፍ ነው ስብሰባ የሌለበት የስብሰባ አዳራሽ የሚገድለው!

የሚጓዙት በሌሊት ነው። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ይረጋል፣ ጭልፊትም ተኝቷል። አቅጣጫቸውን ከከዋክብትና ከምድር መግነጢሳዊ ኃይል ይይዛሉ። ደመናው ዝቅ ሲል ወይም ሲያካፋ ግን የከተማው ብርሃን ያሳስታቸዋል። ይዞሩታል፣ ይደክማሉ፣ በሕንፃዎቹ መሃል ያርፋሉ። ሲነጋ መስታወቱ ውስጥ ዛፍ ያያሉ፤ የመንገዱ ዛፍ ነጸብራቅ ነው። የእኛ ሕንፃ ደግሞ ይባስ ብሎ እንግዳ መቀበያው ውስጥ እውነተኛ ዛፍ በትልቅ ማሰሮ ተክሎ፣ ከሥሩ መብራት አብርቶበት ያድራል። ወፍ ጠርቶ በሩን የዘጋ ማለት ይህ ነው። በቺካጎና በክሊቭላንድ ከተሰበሰቡ ሬሳዎች እንደታየው፣ በሌሊት በረራ ላይ እርስ በርስ የሚጠራሩት ዝርያዎች ይበልጥ ይጋጫሉ። ብርሃን ያሳተው ወፍ ሲጣራ ሌላው የሚከተለው ይመስላል።

ከሥራ ስወጣ አንዳንድ ጊዜ ሮክ ክሪክ ፓርክ ጎራ እላለሁ። እዚያ ኦቨንበርድ የሚሉት አለ፤ መሬት ላይ በደረቅ ቅጠልና በሣር ጣሪያና የጎን በር ያለው ጎጆ ይሠራል። ዜማውን በቀስታ ይጀምራል፤ ያንኑ ሁለት ቃና እየደጋገመ፣ እያጠነከረ፣ እያጠነከረ ሄዶ በመጨረሻ ጫካውን ይሞላዋል። ከዚያች ደረት ያን የሚያህል ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ እንጃ። የብላክፖሉ ዜማ ደግሞ ከቅጥነቱ የተነሣ ዕድሜው የገፋ ሰው ጆሮ አይይዘውም። ወደ ፖቶማክ ወንዝ ወረድ ካላችሁ ወርቃማውን ፕሮቶኖተሪ ዋርብለር ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ውኃ ዳር በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ1948 ዊተከር ቻምበርስ የተባለው ሰው የመንግሥት ባለሥልጣን የነበረውን አልጀር ሂስን ኮሚኒስት ነበር ብሎ ሲከስሰው፣ በቅርብ እንደሚያውቀው ለማስረዳት ለኮንግረስ ኮሚቴ ከነገራቸው ነገሮች አንዱ ሂስ በፖቶማክ ዳር ይህን ወፍ አይቶ መደሰቱን ነበር። ሂስም ሲጠየቅ «አይቻለሁ» አለ፤ የቻምበርስን ቃል በራሱ አፍ አጸናለትና ነገሩ ባሰበት። በዚህ ከተማ ወፉን በሕይወት ማየት እንኳ እስከ ምክር ቤት ያስጠራ ነበር። ዛሬ ሬሳው በር ላይ ተዘርግቶ የሚያየው የለም፤ በስልኩ እያወራ ተራምዶት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ እንደቀነሰ ተናግሯል፤ ከዚህ ውስጥ ከ600 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ዋርብለር ነው። ባክማንስ ዋርብለር የተባለው እ.ኤ.አ. በ2023 ጨርሶ መጥፋቱ በይፋ ታውጇል። ጥፋቱ ሁሉ የመስታወት ነው አልልም፤ ደኑም እየሳሳ ነው። ሰሩሊያን ዋርብለር የሚባለው ሰማያዊ ወፍ የክረምቱን ወራት በአንዲስ ተራሮች ሲያሳልፍ በዛፍ ጥላ ሥር የሚለማ የቡና እርሻ ይስማማዋል፤ ዛፉ ተመንጥሮ ቡናው ፀሐይ ላይ ሲተከል ግን ማረፊያ ያጣል። የጥላ ቡናን ነገር ለእኛ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ የከፋን ጫካ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአንዲስን ዛፍ እኔ ከዚህ ሆኜ መልሼ ልተክል አልችልም። ይህ ግን ማጥፊያ ነው! ግድግዳ ላይ ነው! በጣት ይነካል!

አቤት አልሁ። የሕንፃው አስተዳደር መጀመሪያ «መብራቱ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው፣ የሚያዝዘውም ሌላ ድርጅት ነው» አለኝ። ድርጅቱ «ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ አንነካውም» አለ። እንደገና ወደ አስተዳደሩ ስመለስ ነገሩ የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ ጠበቀኝ። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባዶ ወንበር የሚሰርቅ ሌባ ብርሃን ስላለ ይተወዋል? በዚያ ላይ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሕንፃው ለተፈጥሮ ተስማሚ መሆኑን የሚመሰክር የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት፣ ወሬዬን ከሰሙ ወዲህ የጨረሱትን ፎቅ መብራት እያጠፉ መውረድ ጀመሩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። «ልጄ፣ አብርተሽ ሄድሽ ተብዬ ነው እንጂ አጠፋሽ ተብዬ ተቆጥተውኝ አያውቁም» አሉኝ። እኔ አልሳቅሁም።

አይቻልም እንዳይሉኝ ቺካጎ ታይቷል። በሐይቁ ዳር ያለው ማኮርሚክ ፕሌስ የተባለው የስብሰባ ማዕከል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በአንድ ሌሊት ወደ 1,000 የሚጠጉ ወፎች ሞቱበት፤ ብዙዎቹ ዋርብለሮች ነበሩ። በዓመቱ መስታወቱ ላይ ተቀራራቢ ነጥቦች ያሉት ስስ ፕላስቲክ ተለጠፈ፤ ሟቹ ወፍ ከዘጠና በመቶ በላይ ቀነሰ። በዚያው ሕንፃ ለዓመታት የተደረገ ጥናትም የሚበራው መስኮት ሲቀንስ ሬሳው አብሮ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤትም ወፍ የሚለየው መስታወት እንዲገባ የሚያዝዝ ሕግ አውጥቷል፤ ግን ለአዲስ ሕንፃና ከመሠረቱ ለሚታደስ ነው። የእኛው አሮጌ ስለሆነ እንደልቡ ይገድላል። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣ የተጓዥ ወፎች ሕግ አለ፤ በእሱ መሠረት እኔ የአንዱን ሟች ላባ ያለ ፈቃድ ኪሴ ብከት ሕገወጥ ነኝ። ወፉን የገደለው መብራት ግን ጠያቂ የለውም።

በስንት ምልልስ በመጨረሻ «እርምጃ ወስደናል» አሉ። ሄጄ አየሁት። ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርሰው መስታወት ላይ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ጥቁር የጭልፊት ሥዕል ለጥፈዋል። አንዲት! ወፍ መስታወትን የሚለየው ምልክቶቹ በአምስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ተደርድረው ሁሉን ሲሸፍኑት ነው፤ ለአንዲት ጭልፊት ብቻ ቢሆን በጎኗ ያልፋል። ይህንንም ጽፌ ልኬላቸው ነበር፣ ከነፎቶግራፉ። በማግሥቱ መልስ መጣ፦ «ጥያቄዎ መፍትሔ ስላገኘ ፋይሉ ተዘግቷል።» እኔም በዚያው ሌሊት አዲስ ፋይል አስከፈትሁ። አሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የመብራቱ ሰዓት እንዲስተካከልና የእትዬ ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ።