አድገናል፤ ባነሩን ተመልከቱ

ማኅበራችን አድጓል። ያላመነ ካለ ደሴ ፒያሳ ብቅ ብሎ ባነራችንን ይይ። አምና አንድ መስኮት እንኳ አይሸፍንም ነበር፤ ዘንድሮ ሁለቱን ጋርዶ ከኋላው ያሉት ልብስ ሰፊዎች በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራሉ። ጥላችን ለጎረቤት ተረፈ ማለት አይደል?

የአባላቱ ቁጥርማ አይወራ። በምዝገባ ዘመቻው ሰሞን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር ፎርም ሞልቷል። ሙያውን አልጠየቅነውም፣ እሱም አልጠየቀን። ኮምቦልቻ ስንደርስ አባል ነበር፤ ደሴ ሲመለስ ረሳው። ከመዝገባችን ግን አልወጣም። ከእኛ መዝገብ ወጥቶ የሚያውቅ የለም፤ የሞቱትም ቢሆኑ አሉ።

አንዳንድ ምቀኞች «አምና ከተመዘገቡት ዘንድሮ መታወቂያ ያሳደሱት ስንት ናቸው?» ይላሉ። አዲስ አባል መቀበል እጅ መጨባበጥ አለው፣ ፎቶ አለው። የቀረውን ሰው ቤቱ ሄዶ «ለምን ራቅኸን?» ማለት ምን ፎቶ ይወጣዋል? ደግሞ የመለሰ እንደሆነ ጉድ ነው።

ጠቅላላ ጉባኤያችንን የምናደርገው ኮምቦልቻ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። አባሉ የደሴ ሰው መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ደሴ ይበርዳል፤ ደግሞስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይወርድ የውሎ አበል በምን ሒሳብ ይወሰዳል? ያለፈው ጉባኤ ለ3 ሰዓት ተጠርቶ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ምልዓተ ጉባኤ የሞሉት ወንበሮቹ ብቻ ነበሩ። ሰብሳቢያችን አልደነገጠም። «እንግዲያው ምሳ ይቅደም» አለ። ጥብሱ ገና ከወጥ ቤት ሳይወጣ አዳራሹ ጢም አለ፤ ማን ለማን እንደደወለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የኦዲት ሪፖርቱ የተነበበው ቡና ሲዞር ነው። መሐል ላይ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ፤ እኛም ተከትለን አወጣን፤ ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ኋላ ስንጠይቃቸው መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሊጠይቁ ነበር።

ሕግ ይጥሳሉ እንዳትሉን። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ አይለፍ ይላል። የእኛ 20 ቀርቶ 2 አይሞላም። ባነሩ የአቅም ግንባታ ነው። ሚኒባሱ የአቅም ግንባታ ነው። ጥብሱም የአቅም ግንባታ ነው፤ እሱስ እንኳ እውነት ነው።

የ5 ዓመት ስልታዊ ዕቅድም አለን፤ በወፍራም ካርቶን ተጠርዟል። ከሌላ ማኅበር የተገለበጠ ነው የሚል ሐሜት አለ። ገጽ 31 ላይ «ዓሣ አስጋሪ አባሎቻችን» የሚል መገኘቱን አልክድም። እና ምን ይሁን? ሐይቅ ከተማ ቅርንጫፍ ስንከፍት ይጠቅመናል።

እስኪ ይህን ከሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም ከዕድራችን፣ ጋር አስተያዩት። ባነር የለው፣ ሎጎ የለው፣ ራዕይና ተልዕኮ የለው። ያ አዋጅ እንኳ ዕድርና ዕቁብን አይመለከተኝም ብሎ ትቷቸዋል። ስብሰባው በወር አንዴ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ። የቀረ ይቀጣል! እኛ ለመጣ እንከፍላለን፤ እነሱ የቀረውን ያስከፍላሉ። ገንዘብ ያዡ ደብተራቸውን ገልጠው የገባውንም የወጣውንም ለሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ገበና የሚባል ነገር አያውቁም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ያዋጣል፣ እኩል ይጨቃጨቃል። ባለፈው ሁለት ስብሰባ ሙሉ የተከራከሩት ስለ አንድ የተበሳ ብረት ድስት ነበር፤ ይበየድ ወይስ ይሸጥ። እንዲህ ባለ ተራ ነገር ጊዜ የሚፈጅ ድርጅት መቼ ያድጋል?

በቀደም የአንድ ጎረቤቴ እናት አረፉ። ጎረቤቴ የማኅበራችንም አባል ነው፣ የቅሬውም። ማኅበራችን ፈጣን ነው፤ ከቀብሩ በፊት ቴሌግራም ግሩፓችን በሻማ ምስል ተጥለቀለቀ። አንዱ ተሳስቶ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ነበር፤ ወዲያው አጠፋው። ቅሬው ደግሞ በለመደው ኋላቀርነት ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ፤ አግዳሚውን፣ ብርጭቆውን፣ ያንን ድስት ሳይቀር። ተበይዷል።

ሰብሳቢያችን በማግሥቱ ሊያስተዛዝን መጣ። ጥቂት ተክዞ ቆየና ዓይኑን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ አነሣ። ከዚያ ወደ ገንዘብ ያዡ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ሰው ይይዛል? ለጉባኤያችን ብንከራየውስ?» አላቸው።

«ለሐዘን ነው እንጂ ለኪራይ አይደለም፤ አባል ለሆነ በነጻ ነው። አንተስ የኛው ሰፈር ልጅ አይደለህ?» አሉና መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ገለጡ። ስሙ አለ። «የ3 ወር መዋጮ አለብህ ልጄ፤ ሁለት ስብሰባም ቀርተሃል።»

የማኅበራችንን መዋጮ ከፍሎ የማያውቀው ሰብሳቢያችን ቃል ሳይተነፍስ ቅጣቱን ጨምሮ እዚያው ቆጠረላቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፣ «ጋሼ፣ ደረሰኙን በማኅበሩ ስም ያድርጉልኝ» አለ፤ «ምክንያቱ ላይ የአቅም ግንባታ ብለው ይጻፉበት።»