የተሰረዘው ዋጋ ይባረክ

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ዝናቡ ገና ጣራ እየደበደበ ሳለ፣ የመርካቶም ሆኑ የየሰፈሩ የጨርቅ መደብሮች በራቸው ላይ ቀይ ባነር ይሰቅላሉ። «የአዲስ ዓመት ታላቅ ቅናሽ» ይላል፤ ከሥሩም አነስ ባለ ፊደል «ይግዙ፣ ይሸለሙ» የሚል ግብዣ ይከተላል። እኔ ይህን ባነር ባየሁ ቁጥር የማመሰግነው ነጋዴውን አይደለም፤ እሱማ ሥራውን ነው የሠራው። ምስጋናው የሚገባው ለእኛ ለገዢዎቹ ነው። የተሰረዘ ቁጥር አይተን ልባችን የሚሞላ፣ ከኪሳችን ያላወጣነውን ገንዘብ እንደ ትርፍ ቆጥረን ወደ ቤታችን የምንመለስ ሕዝብ ባንሆን ኖሮ፣ ያ ቀይ ባነር ከሌላው ቀይ ጨርቅ በምንም ባልተለየ ነበር።

ስለ ተሰረዘው ቁጥር ጥቂት ልበል። በካርቶን ቁራጭ ላይ በወፍራም ማርከር «1,200» ተጽፎ፣ ደረቱ ላይ ሰያፍ መስመር ተሰምሮበት፣ ከሥሩ «850» ይላል። ይህ እንግዲህ የአንድ ሜትር የመጋረጃ ጨርቅ ዋጋ ነው። ያን ጨርቅ በ1,200 ብር የገዛ ሰው ለማግኘት ብዙ ደክሜአለሁ። ጎረቤት ጠየቅሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅሁ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ወሬውን አዙሬ አዙሬ ወደ መጋረጃ አመጣሁት። ሁሉም የገዙት በቅናሽ ነው። ስለዚህ የተሰረዘው ዋጋ ማንም ከፍሎት የማያውቅ፣ ከመወለዱ በፊት የሞተ፣ ነገር ግን እያንዳንዳችንን 350 ብር ያወረሰን ደግ ዘመድ መሆኑን ተረድቻለሁ። እንዲህ ያለ ዘመድ ያለው ሕዝብ ድሃ ነው ማለት ነውር ነው።

ደግሞም ጊዜው ለተሰረዘ ዋጋ ተመችቶታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባው ጨርቅም ተከትሎት ወጣ። ባለፈው ወር አንድ ነገር ስንት እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚያስታውስ ሰው በጠፋበት ከተማ፣ ባለ ማርከሩ ልጅ የፈለገውን ቁጥር ጽፎ የፈለገውን ቢሰርዝ ማን ይከራከረዋል? እኛም ብንሆን ክርክሩን አንፈልገውም። የተሰረዘው ቁጥር ባደገ መጠን የምናተርፈው እኛ ነንና፣ ቢቻል 2,000 ቢለው ደስታችን ነው።

በዚህ ዓመት የበኩሌን አስተዋጽኦ ያደረግሁት በአንዲት መስኮት ምክንያት ነው። ስፋቷ ሦስት ሜትር ነው። የመጋረጃ ጨርቅ ቁመቱ 2 ሜትር ከ80 ሳንቲም ሆኖ ስለሚመጣ የሚለካው በመስኮቱ ወርድ ሲሆን፣ ሽብሽቦ እንዲኖረው ደግሞ እጥፍ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ስድስት ሜትር ያስፈልገኝ ነበር። ልጁ ጣቃውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው፣ በብረቱ ሜትር እየለካ ስድስት ቆጠረ፣ ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዞረው፤ 5,100 ብር። መቀሱን አነሣና ቆም አለ።

«ጋሼ፣ ለየ2,000 ብሩ አንድ ኩፖን ነው። አሁን ሁለት ይደርስዎታል። 900 ብር ብቻ ቢጨምሩ ሦስተኛውን ይወስዳሉ።»

ልብ በሉ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ መጋረጃ ገዢ ነበርሁ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን 900 ብር የጎደለበት ሰው ሆንሁ። አንድ ሜትር ጨምር አልሁት፤ 5,950 ብር ሆነ። ኀምሳ ብር ጎደለ። አጠገቤ የቆሙ፣ ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉ እናት ጭንቀቴን አይተው «ልጄ፣ የጠረጴዛ ዳንቴል ጨምርበት፤ ዳንቴል መቼም አይጣልም» አሉኝ። በእጃቸው ዘጠኝ ኩፖን ይዘዋል። የሚሆነውን አብረን ቆጠርን፤ ዳንቴሉ 300 ብር ነበር። በጠቅላላው 6,250 ብር ከፍዬ ለሦስት ሜትር መስኮት ሰባት ሜትር ጨርቅ፣ ጠረጴዛ ለሌለው ቤት ዳንቴል፣ እንዲሁም ሦስት ኩፖን ይዤ ወጣሁ። ሦስተኛዋ ወረቀት ብቻዋን 1,150 ብር ወጥቶባታል፤ ይህን ያሰላሁት ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። ለምን ዘጠኝ ኩፖን እንዳስፈለጋቸው እናትየውን ጠይቄአቸው ነበር። «እግዜር ካለ በአንዷም ይበቃል፤ ብዙ ቢሆን ግን ምን ይጎዳል?» አሉኝ። ስለ ዕድል ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የተሞላበት ሐሳብ ሰምቼ አላውቅም።

ከመደብሩ ሁለት በር አለፍ ብሎ ያው ጨርቅ፣ ያው ቀለም፣ ያው አበባ ያለበት፣ በ800 ብር ይሸጣል። ባለቤቱ ባነር አልሰቀለም፤ ኩፖንም የለውም። ዋጋውን የጠየቀውን ሁሉ «ቁርጡ 800 ነው» ብሎ ይመልሳል። ሱቁ ባዶ ነው። አንዲት ሴት ገብታ ጨርቁን ዳሰሰች፣ ወደደችው፣ «ከስንት ቀንሶ ነው?» አለችው። «ኧረ አልቀነሰም፤ ዋጋው ነው» ሲላት አዘነችለት መሰለኝ፣ ቀስ ብላ አስቀምጣው ወደ ባነሩ ሄደች። ልክ ናት። 800 ብር ከፍሎ ምንም አለማትረፍ እና 850 ብር ከፍሎ 350 ብር ማትረፍ እኩል የሚሆነው ሒሳብ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

አያቶቻችን በዚህ ረገድ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበሩ ሳስብ ይገርመኛል። አያቴ አቡጀዲ ልትገዛ ስትሄድ ነጋዴው በክንዱ ለክቶ ሲጨርስ እጇን ጨርቁ ላይ ጣል ታደርግና «መርቅልኝ እንጂ» ትለው ነበር። እሱም እያጉረመረመ ስንዝር ታህል ጨምሮ ይቆርጥላታል። ሽልማቱ ይኸው ነበር። እዚያው፣ በዚያው ሰዓት፣ ለገዛ ሁሉ። ሣጥን የለ፣ የዕጣ ቀን የለ፣ ዕድለኛና ዕድለ ቢስ የለ፤ ሁሉም የሚያሸንፍበት ዕጣ ምን ዓይነት ዕጣ ነው? ዘመናዊው መደብር ይህን ስንዝር ከሁላችን ላይ ሰብስቦ፣ አንድ ላይ ሰፍቶ፣ የመኪና ፎቶግራፍ አደረገው። ሁላችንም የሚቀርብንን አንድ ሰው እንዲያገኘው መስማማታችን ደግሞ ታላቅ የመተሳሰብ ምልክት ነው።

መኪናው በመስታወቱ ላይ በፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ነጭ ነው፣ ቀይ ሪባን ታስሮለታል። ሁለተኛው ዕጣ ፍሪጅ፣ ሦስተኛው ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጃንጥላ፣ ቴርሞስና የመደብሩ ስም የታተመበት ቲሸርት ነው። ቲሸርቱን ያሸነፈ ሰው የመደብሩን ማስታወቂያ ያለ ደመወዝ ተሸክሞ ይዞራል፤ ለዚህ ክብር የሚበቃው ግን በዕጣ ብቻ ነው። ኩፖኑ ላይ ስም፣ ክፍለ ከተማና ስልክ ቁጥር ይሞላል። ቆጠራ ሲመጣ በሩን የማይከፍት ሰው እዚህ ባንኮኒ ላይ የሁለት ልጆቹን ስልክ ጨምሮ ሲሞላ አይቻለሁ።

ኩፖኑ፣ ሳይጠቀስ አይታለፍም፣ እጅግ ውብ ነው። ባለ አራት ቀለም ነው፤ ወረቀቱ ያብለጨልጫል፤ ተከታታይ ቁጥር አለው። ይህን ሁሉ ያሳተመ መደብር ደረሰኝ ሲጠየቅ ግን ማሽኑ ይበላሽበታል። «ጋሼ፣ በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል፤ ምን አስቸገረዎት?» አለኝ ልጁ፤ በእውነት ስለ እኔ አስቦ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል፤ ስለ ዋጋ ቅናሽ ሸማችን ማሳሳትንም ይከለክላል። አዋጁ ግን መኪና አይሸልም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ደረሰኝ ብዬ ስከራከር «ወንድም፣ አታስቀምጠን እንጂ» ሲለኝ፣ ሕግ ከኩፖን ጋር ተወዳድሮ በስንት ድምፅ እንደሚሸነፍ በዓይኔ አየሁ።

የእንቁጣጣሽ ሎተሪ የሚቆርጡ ሰዎችን አንዳንድ ጊዜ እንንቃቸዋለን፤ ቁማር ነው እንላለን። ሰውየው ግን ዕድል ሊገዛ ወጥቶ ዕድል ገዝቶ ይገባል፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣም ያውቃል። የእኛ ኩፖን ጀርባ ላይ በጉንዳን ፊደል «ዕጣው የሚወጣበት ቀን ወደፊት በማስታወቂያ ይገለጻል» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ የሽልማት ዕጣ ያለ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እንደማይካሄድ አውቃለሁ፤ የፈቃዱን ቁጥር ኩፖኑ ላይ ፈልጌ ነበር፤ የመኪናው ጎማ ሸፍኖት ይሆናል። ማንም ሌላ ሰው ሲፈልገው ስላላየሁ እኔም አፈርሁና ተውሁት። ከዚህ በፊት በመስቀል አደባባይ አጠገብ በነበረው ኤግዚቢሽን ማዕከል በየበዓሉ ባዛር ሲደረግ፣ ቅናሽ ለማየት የመግቢያ ትኬት ቆርጠን እንሰለፍ የነበርን ሰዎች ነን። ለመቆጠብ ከፍሎ የገባ ሕዝብ ስለ ቀን አይጠይቅም።

መስከረም አለፈ፤ ጥቅምት አለፈ። ዕጣው አልወጣም። በስልኬ ግን «ክቡር ደንበኛችን» የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል፤ ዘመዶቼ እንኳ እንዲህ ጠርተውኝ አያውቁም። ታኅሣሥ ሲገባ ጉዳዩን ልጠይቅ ወደ መደብሩ ሄድሁ። ቀዩ ባነር በአረንጓዴ ተተክቷል፤ «የገና ታላቅ ቅናሽ» ይላል። መኪናው ከነሪባኑ እዚያው መስታወት ላይ ነው፤ ፀሐይ ስለመታው ትንሽ ወይቧል። ዕጣው «በደንበኞች ጥያቄ መሠረት» እስከ ፋሲካ መራዘሙን ልጁ ነገረኝ። ከደንበኞቹ አንዱ እኔ እንደሆንሁና እንዳልጠየቅሁ ልነግረው ስል ዓይኔ ካርቶኑ ላይ አረፈ። ያው ጨርቅ ነው፤ «1,500» ተሰርዞ «980» ተብሏል።

በአንድ ጊዜ ሁለት ደስታ መጣብኝ። አንደኛው፣ በነሐሴ የገዛሁት ሰባት ሜትር ጨርቅ ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ በሜትር 130፣ በድምሩ 910 ብር አትርፎልኛል። ሁለተኛው፣ ዛሬ ብገዛ ደግሞ በሜትር 520 ብር አተርፋለሁ። ከነሐሴው የተረፈችኝ አንድ ሜትር ቤት ውስጥ ብቻዋን መቀመጧም ትዝ አለኝ፤ አራት ቢጨመርላት ለመኝታ ቤቱ ትሆናለች፤ የመኝታ ቤቱ መስኮት ባለ መዝጊያ እንጨት መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ልጁ ጣቃውን ዘረጋ፣ አራት ሜትር ለካ፣ ካልኩሌተሩን አዞረልኝ፤ 3,920 ብር። ሁለቱ ኩፖን ሊሞላ ሰማንያ ብር ጎደለ።

«ዳንቴል አላችሁ?» አልሁት።