ኤዲኤልን በፖርትላንዱ ችሎት መመዘን

አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ፣ በአጭር ስሙ ኤዲኤል፣ በአሜሪካ ስመ ጥር የሆነ የአይሁዳውያን የመብት ተሟጋች ድርጅት ነው። ከጋዛው ጦርነት ወዲህ ውግዘቱ ከሁለት ወገን ይወርድበታል። ግራ ዘመሞቹ የእስራኤል መንግሥት አፈ ቀላጤ ይሉታል፤ ቀኝ አክራሪዎቹ ደግሞ ወግ አጥባቂዎችን ሁሉ በጽንፈኝነት ይፈርጃል ብለው ይከሱታል። የእኛም ሰው ስለ እስራኤል ባለው ስሜት ልክ ያወድሰዋል ወይም ይረግመዋል። እኔ ግን ይህን ድርጅት ለመመዘን ፖርትላንድን እመርጣለሁ።

በኖቬምበር 1988 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ፣ ለትምህርት አሜሪካ የገባው የ28 ዓመቱ ሙሉጌታ ሥራው ጓደኞቹ መኖሪያው ድረስ ሸኝተውት ሳለ ፀጉራቸውን የተላጩ ሦስት ዘረኛ ወጣቶች መንገድ ላይ ጠብ አነሱ። አንደኛው በቤዝቦል ዱላ ራሱን ደጋግሞ መትቶ ገደለው። ሦስቱም ጥፋታቸውን አምነው ወኅኒ ወረዱ። የወንጀሉ መዝገብ እዚያ ላይ ተዘጋ፤ ለብዙ ሰው ጉዳዩም አብሮ ያለቀ ነበር።

ያላለቀው ለወጣቶቹ አስተማሪዎች ነበር። ቶም ሜትዝገር በካሊፎርኒያ ቴሌቪዥን እየጠገነ ይኖር የነበረ፣ ቀድሞ ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ማኅበር አለቃ የነበረ፣ በኋላም «ዋይት አርያን ሬዚስታንስ» የተባለ የራሱን ዘረኛ ቡድን ያቋቋመ ሰው ነበር። የፖርትላንድ ወጣቶችን እንዲያደራጅና ለጥቃት እንዲያነሳሳ ሰው ልኮ ነበር። ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅትና ኤዲኤል በሙሉጌታ ቤተሰብ ስም ሜትዝገርን፣ ልጁንና ቡድናቸውን በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። ክርክሩ ግልጽ ነበር፤ ዱላውን ያነሳው ሌላ ቢሆንም የላከው ዕዳውን ይክፈል። በኦክቶበር 1990 ጁሪው፣ ማለትም ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የፍርድ ሸንጎ፣ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። ቤተሰቡ ከዚህ ገንዘብ በእጁ የገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሜትዝገር ግን ቤቱን አጣ፤ ቡድኑም ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

አንድ የአይሁዳውያን ማኅበር ለአንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ለምን ተሟገተ? መልሱ ከልደቱ ይጀምራል። ሲግመንድ ሊቪንግስተን የተባለ የሕግ ባለሙያ በ1913 ቺካጎ ውስጥ ድርጅቱን ሲመሠርት፣ ሰነዱ የቅርቡን ዓላማ የአይሁዳውያንን ስም ማጥፋት ማስቆም፣ የመጨረሻውን ግብ ደግሞ ለዜጎች ሁሉ ፍትሕ ማስገኘት ብሎ አስቀመጠ። በዚያው ዓመት አትላንታ ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሊዮ ፍራንክ የ13 ዓመት ሠራተኛ ገድለሃል ተብሎ፣ ከውጭ ሕዝቡ እየጮኸ ሞት ተፈርዶበት ነበር። አገረ ገዥው ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቢለውጡለትም በ1915 መንጋ ከእስር ቤት አውጥቶ ሰቀለው። የጆርጂያ ግዛት በ1986 ይቅርታ ሲያደርግለት እንኳ ንጹሕ ነው አላለም፤ ሳልጠብቀው ቀርቻለሁ አለ እንጂ። ለመንጋ ፍርድ የተጋለጠ ማንም ሰው ጉዳዩ የሚሆነው ድርጅት ከእንዲህ ያለ ታሪክ ቢወጣ አይደንቅም።

ኤዲኤል በ1981 ለግዛቶች ናሙና እንዲሆን ያረቀቀው ሞዴል ሕግም እዚህ ላይ ይጠቀሳል። በጥላቻ ተነሳስቶ የተፈጸመ ወንጀል ቅጣቱ ይክበድ የሚለው ይህ ሐሳብ በብዙ ግዛቶች ሕግ ሆነ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1993 የዚህ ዓይነቱ ቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የሚገርመው፣ በዚያ መዝገብ ተከሳሹ ጥቁር፣ ተጎጂው ነጭ መሆኑ ነው።

ድርጅቱ ሰነዱ ላይ የሰፈረውን ሁለተኛ ግብ የረሳባቸው ቀናትም አሉ፤ ላድበሰብሳቸው አልፈልግም። በዚያው በ1993 የድርጅቱ መረጃ አቀባይ በሳን ፍራንሲስኮ የፀረ አፓርታይድ ታጋዮችን ሳይቀር ሲሰልል እንደነበረ ተጋለጠ። እስከ 2007 ድረስ በኦቶማን ቱርክ የተፈጸመውን የአርመናውያንን እልቂት ዘር ማጥፋት ብሎ ለመጥራት አመነታ፤ የቱርክና የእስራኤል ወዳጅነት ከእውነት በላይ ከብዶበት ነበር። በ2010 ኒውዮርክ ውስጥ ሊሠራ የታሰበውን የሙስሊሞች ማዕከል ተቃወመ፤ በ2021 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጆናታን ግሪንብላት ስሕተት ነበር ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ዛሬም የእስራኤልን መንግሥት መንቀፍንና አይሁዳውያንን መጥላትን የሚለይበት መስመር እየቀጠነ መሄዱን የሚያነሱ ተቺዎች፣ እኔ እስከማየው፣ እውነት አላቸው።

በ2025 ደግሞ ከቀኝ በኩል የመጣው ጩኸት ሲበረታ፣ ከአንድ ሺህ በላይ መጠሪያዎችን የያዘውን የጽንፈኞች መዝገቡን ከድረ ገጹ አነሳ። ያም ሆኖ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ዳይሬክተር ካሽ ፓቴል ከድርጅቱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ። መዝገቡ ውስጥ የተሳሳተ ነገር ካለ ይታረም ነበር። ሜትዝገርን ከሙሉጌታ ሞት ጋር ማያያዝ የተቻለው ማን ማንን እንዳሰለጠነ፣ ማን ወዴት እንደተላከ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ነው። ሌላ ሜትዝገር ቢነሳ ይህን ዱካ ማን እንደሚከተል የሚነግረን ባለሥልጣን እስካሁን አልሰማሁም።