የልጅ ድስት ለብቻው ይሁን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የዘጠኝ ወር ክትባቱን ሲከተብ አብሬ ሄጄ ነበር። እዚሁ ጎንደር ከሚገኙት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተራ እንጠብቃለን። ከሕፃናቱ ሰባቱ በእጃቸው የሚበላ ነገር ይዘዋል። አራቱ ብስኩት፣ ሁለቱ ቺፕስ፣ አንዷ ደግሞ ከረሜላ። ከጎኔ የነበረው ልጅ ገና ሁለት ጥርስ ነው ያለው፤ ቺፕሱን በድዱ ሲያሟሟው ጣቱና አገጩ ብርቱካን መሰለ። እናቱ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችው፣ «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነን፤ ዝም የሚልልኝ በዚህ ብቻ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ልጅ ታቅፎ ሦስት ሰዓት ተራ የሚጠብቅ ሰው ላይ መፍረድ አይገባም። ይህን የምጽፈውም እሷን ለመውቀስ አይደለም። ግን ያን ቀን ወደ ማራኪ በባጃጅ ስንመለስ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። የልጆቻችን መክሰስ መቼ ነው ምግብነቱ ቀርቶ ማባበያ ብቻ የሆነው?

ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የውኃ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። በዚያች ብርጭቆ ውስጥ ብስኩትና ስኳር ከገባ ለእንቁላሉ፣ ለሽምብራውና ለጎመኑ ቦታ የለም። ልጁ ጠግቧል፤ ግን አልተመገበም። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲያገኝ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። ከዘጠኝ ወር ጀምሮ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከመመገብ ሌላ እንደ ፍላጎቱ አንድ ሁለት መክሰስ ይጨመርለታል። መክሰሱ የሚጨመረው ሆዱ ትንሽ ስለሆነና ዋናው ምግብ ብቻውን ስለማይበቃው ነው። ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ማዕድን ክምችትም ከስድስት ወር በኋላ እየተሟጠጠ ስለሚሄድ እያንዳንዷ ጉርሻ ቁም ነገር አላት።

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገራችን ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 37ቱ መቀንጨር፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች መሆን፣ የደረሰባቸው ናቸው። በአማራ ክልል ቁጥሩ 41 ነው። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ዳጉሳና ሰሊጥ በሚመረትበት፣ ጣና ደጁ በሆነ ክልል! እህል እያለን ልጆቻችን የሚቀነጭሩበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ድህነት አለ፣ ተቅማጥና ሌላም በሽታ አለ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚንር የገበያ ዋጋ አለ። እነዚህን እኔና እናንተ በአንድ ቀን አንፈታቸውም። አንድ ነገር ግን በእጃችን ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ የልጁ ብቻ የሆነች ትንሽ ድስት ይኑረው።

ይህን የምለው በራሴ ቤት ስላየሁት ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ዐቢይ ጾም ገባ። የአርባ አራቱ ታቦታት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው፤ ጾም ሲገባ ቤቱ ሁሉ ይጾማል። ድስቱ ይታጠባል፣ ቅቤው ይሰቀላል፣ መጥበሻው ሳይቀር በአመድ ይታሻል። እኔ ለልጁ እንቁላል ልቀቅል ስል እናቴ ድስቱን ከእጄ ወሰደች። «ታስገድፊናለሽ» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ለልጁ ከእኔ በላይ የምትሳሳለት እሷ ናት። የፈራችው ድስቱን፣ ማንኪያውንና የምትታጠብበትን ውኃ ነው። ሕፃን እንደማይጾምም ታውቃለች። ቤተ ክርስቲያን ጾም የምታስጀምረው ከሰባት ዓመት ጀምሮ ነው፤ የዘጠኝ ወር ልጅ ጹም ያለው የለም። ልጁን እያስጾመው የነበረው የዕቃው ነገር ነው።

እስቲ አስቡት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዘጠኝ ወሩ ጾም የገባበት ልጅ ለፋሲካ አሥራ አንደኛ ወሩን ሊይዝ ይቃረባል። ለእኛ ሁለት ወር አጭር ነው፤ ለእሱ ግን አጥንቱና አንጎሉ በፍጥነት የሚያድግበት፣ ሄዶ የማይመለስ ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር አንዳንድ ቤት ልጁ ዓመቱን ሙሉ የእንቁላል ጣዕም ሳያውቅ ያልፋል።

የእናቴን ጭንቀት የፈቱት የንስሐ አባቷ ናቸው። ነገሩን ስትነግራቸው፣ «ለልጁ ዕቃውን ለዩለት፤ በልቶ ይደግ» አሏት። ያን ሳምንት ከቅዳሜ ገበያ ሁለት እጅ የምትሞላ ሸክላ ድስት ገዝታ መጣች። ትንሽ የእንጨት ማንኪያም ጨመረችበት። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ስለ ልጅ ምግብና ስለ ጾም ክርክር አልተነሣም። ድስቷ የልጁ ናት፣ የምትቀመጥበት መደርደሪያም የራሷ ነው፤ ሌላው ቤተሰብ ጾሙን ይጾማል።

ድስቱ ለብቻው መሆኑ ሌላም ነገር አስተካከለ። ከትልቅ ሰው ድስት የሚበላ ልጅ በርበሬውን ሸሽቶ መረቅ የነካው እንጀራ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሥጋውም ምስሩም ድስቱ ውስጥ ይቀራል። የራሱ ድስት ሲኖረው ግን ምስሩ ያለ በርበሬ ይበስልለታል፣ ጎመኑ ደቅቆ ይገባለታል፣ ዘይት ጠብ ይደረግለታል። አንድ ዓመት እስኪሞላው ጨውም ስኳርም አያስፈልገውም። የምግቡ ጣዕም ለእኛ አልጫ ቢሆንብን ለእሱ አዲስ ነው።

አሁን ወደ መክሰሱ። በእጁ ይዞ ለሚበላ ልጅ በእኔ ቤት የተዋጣለት የዱባ ቂጣ ነው። ዱባ በጎንደር ጓሮ ሁሉ አለ። ቁራጩን ልጬ በጥቂት ውኃ እቀቅልና በማንኪያ ጀርባ እደፈጥጠዋለሁ። አንድ እንቁላል እመታበታለሁ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዳጉሳ ዱቄት እጨምራለሁ። ዳጉሳ በእኛ አገር ለጠላና ለአረቄ ብቻ የተፈጠረ ይመስል ተንቋል እንጂ በካልሲየም ከጤፍም ከስንዴም ይበልጣል። ሊጡ ከማንኪያ ሲገለበጥ ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆን አለበት፤ ከቀጠነ ዱቄት፣ ከወፈረ ዱባ ይጨመርበታል። መጥበሻውን ዘይት አስነክቼ፣ እሳቱን ቀንሼ፣ እከድነዋለሁ። ጠርዙ ከመጥበሻው ሲላቀቅና ከላይ ያለው እርጥበት ሲጠፋ እገለብጠዋለሁ። ሲበርድ የጣት ርዝመት አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ለልጁ ከመስጠቴ በፊት አንዱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል እጫነዋለሁ። በቀላሉ ከደቀቀ ድዱም ያደቀዋል።

እንቁላል በተወደደበት ሳምንት የሽምብራውን እሠራለሁ። የደንቢያ ሽምብራ ለአዳር ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት በእጅ ሲታሽ ልባሱ ይወልቃል። እስኪፈረፈር ተቀቅሎ፣ ከተቀቀለ ድንች ጋር ተደፍጥጦ፣ በትንሽ ዘይት ጠፍጠፍ ተደርጎ ይጠበሳል። ሎሚ ጠብ ቢልበት ወይም ቲማቲም ቢቀርብለት ቫይታሚን ሲው የሽምብራውን ብረት ለሰውነቱ ያቀርብለታል። የጎርጎራ ቆሮሶ ዓሣ በተገኘበት ቀን ደግሞ ተቀቅሎ፣ እሾሁ በጣት እየተዳሰሰ ተለቅሞ፣ በዚሁ ድንች ይለወሳል። በሶም መልካም ነው፤ ግን ደረቁ ጉሮሮ ይይዛልና በበሰለ ሙዝ ወይም በፈላ ወተት በደንብ ርሶ መለስለስ አለበት።

ስለ ልጅ ዱቄት አንድ ነገር ልበል። ብዙ እናቶች ሰባትና ስምንት ዓይነት እህል አስፈጭተው ይኮራሉ። ልፋታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላና አጃ ቢደባለቁ ሁሉም ያው የብርዕ እህል ናቸው። ቁም ነገሩ ጥራጥሬው ነው። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ምስር ይበቃል። በንጉሡ ዘመን ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር የተዘጋጀውና ብዙዎቻችን ያደግንበት ፋፋም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ እህል፣ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት ከቫይታሚንና ከማዕድናት ጋር።

ጠላ ጠማቂ ቤት ያደገ ሰው ደግሞ የብቅልን ነገር ያውቃል። ገንፎ ወፍሮ ልጁን ሲያንቀው እናት ውኃ ትጨምራለች፤ ያኔ ሆዱን የሚሞላው ውኃው ይሆናል። በውኃው ፋንታ ገንፎው ወፍሮ ከበሰለ በኋላ ትንሽ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የብቅል ዱቄት ይጨመርበትና ይማሰል። በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል። ጠላን የሚረዳው ያው የብቅል ኃይል የገንፎውን ስታርች ሰባብሮት ነው። ከዚያ እንደገና አንድ ጊዜ ማንተክተክ ነው። ልጁ በአንዲት ስኒ ውስጥ ብዙ እህል ያገኛል። ብቅሉ ግን ጌሾ ያልነካው፣ ሻጋታ የሌለበት ይሁን።

ዳቦ በሻይ ይቅር እላለሁ፤ ይህ አስተያየቴ ጎረቤቶቼን አያስደስታቸውም። ለእኛ የጠዋትና የመክሰስ ወዳጃችን ነው፤ ልጅ ላይ ግን ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነቱ እንዳይወስደው ያደርጋል፤ ስኳሩም ሌላውን ምግብ ያስጠላዋል። ማርም ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ። ንጹሕ የደጋ ማር ቢሆን እንኳ የሕፃን አንጀት የማይችለውን መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ቆሎ፣ ድፍን ኦቾሎኒና ጥሬ ካሮት ትንፋሽ ይዘጋሉ፤ ኦቾሎኒ ከተፈለገ የሻገተውና የተጨማደደው ተለቅሞ ይፈጭ። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ አይቆይ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማችንም የመጀመሪያው ጆግ ውኃ ለእጅና ለልጁ ዕቃ ይሁን።

ይህን ሁሉ እናት ብቻዋን ትሥራ ማለቴ ግን አይደለም። ጎንደር የጤና ትምህርት አገር ናት። በጎርጎርሳውያኑ 1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ገጠር የሚወርዱ የጤና መኮንኖችን ያሠለጠነው እዚህ ነው። በ2007 ዓ.ም. የታወጀው፣ መቀንጨርን በጎርጎርሳውያኑ 2030 ለማጥፋት የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ስሙን ያገኘው ከክልላችን ከተማ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ምክሩ የሚነገረው ግን በአብዛኛው ለእናቲቱ ብቻ ነው። ቤት ስትገባ ድስቱን የምታዝበት አማት አለች፣ የአስቤዛውን ብር የሚይዝ አባት አለ። ለምግብ ሠርቶ ማሳያው አያቶችም ይጠሩ፤ የንስሐ አባቶችም መጥተው ለእናቴ የተነገራትን ለሁሉም ይንገሩ። አባት ለልደት ኬክ የሚያወጣውን በወር ከፋፍሎ እንቁላል ቢገዛበት ለልጁ የበለጠ ዋለለት። በክትባት ቀንም ሰልፉ ረጅም መሆኑ ካልቀረ እዚያው ምድጃ ተጥዶ ቂጣው ይጋገር። ጤና ጣቢያ በር ላይ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል የሚሸጡ ሴቶች ከቺፕሱ ሱቅ ፊት ቦታ ይሰጣቸው።

ያን የክትባት ቀን እህቴ ከያዘችው ሳህን አንድ የዱባ ቂጣ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ለነበረው ልጅ ሰጠነው። አገላብጦ አየው፣ ጨመቀው፣ ግማሹን እናቱ ነጠላ ላይ ጣለ፣ ቀሪውን በላ። እናቱ ቀመሰችና «ጨው የለውም እኮ» አለች፤ ከዚያ «ዳጉሳው የት ነው የሚፈጨው?» ብላ ጠየቀችን።

የእናቴ ሸክላ ድስት አሁን እህቴ ቤት ናት። ከንፈሯ በአንድ በኩል ተሸርፏል፣ ውስጧ ግን ደህና ነው። ነገ ዓርብ ነው፤ እናቴ ጠዋት ከቅዳሴ ስትመለስ አዘዞ ከምታውቃት ሴት ሦስት እንቁላል ይዛላቸው ትሄዳለች።