«ማታ ደህና ነበር»

እንግሊዝ አገር ሰው በድንገት ሲሞት ከለቀስተኛው በፊት የሚደርሰው «ምን ገደለው?» የሚል ጥያቄ ነው። ሐኪም የሞቱን ምክንያት አውቆ መፈረም ካልቻለ ጉዳዩ ኮሮነር ወደሚባለው የሞት መርማሪ ይሄዳል፤ እሱ ሳይፈቅድ ቀብር የለም። ሬሳው ተቀዶ እንዲመረመር ሲታዘዝ ቤተሰብ «አይነካብን» ብሎ ቢለምንም የመጨረሻው ቃል የኮሮነሩ ነው።

አብሮን የኖረ አንድ የመንዝ ልጅ ተኝቶ ሳይነሳ ሲቀር እኛም በዚሁ መንገድ አለፍን። እናቱ ከመሐል ሜዳ በስልክ «ልጄን እንዳይቀዱብኝ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ሽማግሌዎቻችን በቢላ ፋንታ ስካን ይደረግለት ብለው አመለከቱ፤ ተፈቀደ። አስከሬኑ ከታሸገበት ከረጢት እንኳ አልወጣም። ሕመምተኞች ከጨረሱ በኋላ ማታ እንዳለ ሲቲ ስካን ማሽኑ ውስጥ ገባ፤ ከራሱ እስከ እግሩ ለማንሳት የፈጀው ደቂቃዎች ነው። አዲስ የፈሰሰ ደም በሲቲ ስካን ምስል ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። የልጁም ጭንቅላት ውስጥ የታየው ይኸው ነበር፦ የአንጎል ደም ሥር ፈንድቶ ፈሷል። ለእናትየው ደውለን ስንነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁት «ሰው አልነካውም ማለት ነው?» ብለው ነው። አልነካውም አልናቸው።

ይህን ጥያቄ የጠየቁበትን ምክንያት የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያው መንዝ የአጎቴ ልጅም እንዲሁ በድንገት ነው የሞተው። ማታ ደህና ነበር፣ ራቱን በልቶ ተኛ፣ ጠዋት በድን ሆኖ ተገኘ። ሬሳው በሰሌን ተጠቅልሎ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ በማግስቱ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አንዱ «ከትናንት ወዲያ እነ እትዬ ቤት ጠላ ጠጥቶ ነበር» አለ። በቃ። ከዚያ ወዲህ የሴትየዋን ጠላ የሚጠጣ ጠፋ፤ ተራዋ ደርሶ ማኅበሩን ስታወጣ ጽዋው ሳይነካ የቀረበት ቀን አለ። ልጆቿ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ፊቱን ያዞራል። አንዲት ሴት ማስረጃም ዳኛም ሳይኖር ተፈረደባት፤ ይግባኝ የምትልበት ቦታ እንኳ የላትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሬሳን በምስል የመመርመሩ ሥራ ስሙ የወጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ውስጥ ነው። ስብራትን፣ ጥይትን፣ የደም መፍሰስን አሳምሮ ያሳያል። ሁሉን ያያል ግን አልልም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ በታተመ ጥናት ማንቸስተርና ኦክስፎርድ ውስጥ የ182 ሰዎች አስከሬን መጀመሪያ በምስል፣ ቀጥሎ በቢላ ተመርምሮ ነበር፤ የሲቲ ስካኑ መልስ ከመቶ 32 በሚሆኑት ላይ ከቢላው መልስ ጋር በእጅጉ ተለያየ። የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ ወደ ሳንባ የሄደ የደም ጓል፣ እንዲህ ያሉት ያመልጡታል። ሌስተር ላይ ደም ሥር ውስጥ ማቅለሚያ እየጨመሩ ሲያነሱ ግን ከመቶ 92ቱን ምክንያት ማግኘት ችለዋል። መርዝ ደግሞ በምስል አይገኝም፤ ደምና ሽንት ተወስዶ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ስለዚህ ስካን ብቻውን ሴትየዋን ነጻ ያወጣት ነበር ብዬ አልምልም። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቢታይ ኖሮ ግን የጠላው ወሬ እዚያው በቀረ ነበር።

ፈረንጁን ላሞግስ አልተነሳሁም። የእኛ ልጅ አስከሬኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብዙ ቀን ሲጠብቅ በሩን አንኳኩቶ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ያለ ጎረቤት አልነበረም። የሞተበትን በወረቀት አወቅን እንጂ የሚያለቅስለት ሰው የነበረው እኛው ጥቂቶቹ ነን። መንዝ ላይ አገር ምድሩ ይወጣል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ይህን በምንም አልለውጠውም።

ግን ሰው ሁሉ እየተሰበሰበ ምን እንደገደለው አለመጠየቃችን ቋሚውንም ይጎዳል። የዚያ የሞተው የአጎቴ ልጅ ታናሽ ወንድም ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዳንድ የልብ ጡንቻ ሕመም በዘር ይሄዳል፤ የወንድሙ ልብ ምን እንደነበረ ቢታወቅ ኖሮ እሱ ዛሬ ምናልባት መድኃኒት ላይ ይሆን ነበር። ደብረ ብርሃን ወርዶ ልቡን በአልትራሳውንድ እንዲታይ ገንዘቡን ልኬያለሁ፣ ገና አልሄደም።

የወንጀል ጥርጣሬ ያለበት ሬሳ ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ሲላክ ነው የኖረው። ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመንዝ ገጠር ደግሞ ማን ከፍሎ፣ ማን አጅቦ? የቀብር ሰዓትስ ማን ይጠብቃል? ስለዚህ ሲቲ ስካን ባለበት ሆስፒታል ማታ ማታ ማሽኑ ለሟችም ቢውል ብዬ ብመኝም ነገ እንደማይሆን አውቃለሁ። አንድ ቄስ ስጠይቃቸው ግን «ቢላ ካልነካው፣ ፍትሐቱ ካልዘገየ እኔ ምን እላለሁ» አሉኝ።

ነገ የሚሆነው ሌላ ነው። ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰው ሲወለድና ሲሞት በተመዘገበባት በቡታጅራ ቤተሰብን በመጠየቅ የሞት ምክንያት ሲጠና ቆይቷል፦ ደረቱን አመመው ይል ነበር? ራሱን? አስመለሰው? አንድ ጎኑ ዛለ? ትኩሳት ነበረው? ይህን ለመጠየቅ ማሽን አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሰልስት በኋላ ቤቱን ታንኳኳ። የእድሩም ጸሐፊ የሟቹን ስምና ቀን ሲመዘግብ ከጎኑ የመጨረሻ ሳምንቱን ሕመም አብሮ ይጻፍ፤ ለእድራችን ሰብሳቢ ይህንኑ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ።