ከበረንዳዬ ከተማው ይታያል

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ቡና ጠራኝ። «አዲሱን ቤቴን እኮ አላየኸውም። ቦሌ ነው። ከበረንዳዬ ከተማው በሙሉ ይታያል» አለኝ። ቦሌ ሲለኝ ደስ አለኝ። ለእኔ ቦሌ ማለት አውሮፕላን ማረፊያው፣ መድኃኔዓለም፣ ሩዋንዳ ነው። ከጀሞ ቢበዛ አንድ ሰዓት ብዬ ወጣሁ።

መገናኛ ስደርስ ደወልኩለት። «የቱ ጋ ልጠብቅህ?»

«ገና ነህ፤ አራብሳ የሚል ታክሲ ያዝ።»

አራብሳ! እርግጥ ሙሉ ስሙ ቦሌ አራብሳ ነው። አልዋሸም። ቦሌ ቡልቡላም ቦሌ ነው፣ ቦሌ ለሚም ቦሌ ነው። ቦሌ የሚለው ስም እንደ እድር ድንኳን ሆኗል፤ ሰው በመጣ ቁጥር ይቀጠልለታል።

ይቺ የአድራሻ ነገር ድሮም ታበሽቀኛለች። አያት ጫፍ የሚኖረው «ሲኤምሲ ነኝ» ይላል። ለቡ ያለው «ሳር ቤት አካባቢ» ይላል። ኮዬ ፈጬ ያለው ደግሞ «ቃሊቲን አለፍ ስትል» ይልሃል። «አለፍ» የምትለዋ ቃል ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል አለ። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ጀሞ ሦስት እየኖርኩ ለአማቾቼ «መካኒሳ» ብዬ ነው ያገባሁት። ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተጠየቁበትም።

ግን ከአድራሻውም በላይ «ከተማው በሙሉ ይታያል» ያላት ነገር ከነከነችኝ። ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። በየሳምንቱ የአዲስ አበባን የሌሊት ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ለእኔ! እዚሁ ላለሁት! ፎቆቹ በሙሉ መብራት ለብሰው ተደርድረዋል። ሥሩ ላይ «ዱባይ ሆናችሁ እኮ!» ብላ ትጽፍበታለች። ዱባይ የሆነው ፎቶው ነው እህቴ። እኔ ያን ሰዓት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ።

አያቴ «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» የምትለው ተረት ነበራት። በጣም ነው የምወደው። የምትለው ለአጎቴ ነበር። አጎቴ ጠላ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይስመዋል። ቤቱ ሲገባ ግን ድመቷ ሳትቀር ትወጣለች። መቼም ቀጋ በዚህ ተረት መከሰሷ ያሳዝነኛል። እሾሃም ናት፣ እውነት ነው። ነገር ግን ፍሬዋን ልጅ ሆነን እጃችን እየተቦጫጨረ በልተናል። አጎቴ ፍሬም አልነበረው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ፎቁ። ቅዳሜ ዕለት ሜክሲኮ ቆሜ የንግድ ባንክን ሕንፃ አናት ለማየት ሞከርኩ። 209 ሜትር ነው። ቀና ብዬ አንገቴን እስካቃና ሁለት ሰው ወረፋዬን ቀደመኝ። በደንብ ያየሁት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ነው፤ እሱንም በቴሌቪዥን። ከእሱ በፊት አገር ጉድ ያለለት የአፍሪካ ኅብረቱ ሕንፃ ነበር። 99.9 ሜትር ነው። ኅብረቱ እንዲቋቋም ሲርት ላይ የተወሰነው በፈረንጆች 9-9-1999 ስለሆነ ያቺን ቀን እንዲያስታውስ ታስቦ ነው። በ2004 ተመረቀ። በአሥር ዓመቱ ባንክ መጣና ከእጥፍ በላይ አድርጎ ቀደመው። ባንክ አይደል? እጥፍ አድርጎ ማስከፈል ያውቅበታል።

ፎቅ ካነሣሁ አይቀር አንድ ቂም አለኝ። የሕንፃውን ስም አልጠራም። መስታወት ለብሶ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ጉዳይ ነበረኝ። አንደኛው ሊፍት ተበላሽቷል። ሁለተኛው ለኃላፊዎች ነው። በእግሬ ወጣሁ። ስደርስ ሽንት ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉ የት ነው? ምድር ቤት፣ ጥበቃው ጋ። ጥበቃው የት ነው? ምሳ ወጥቷል። ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያ ሕንፃ ዛሬም በአክስቴ ልጅ ፎቶዎች ላይ መሀል ቆሞ ያብረቀርቃል። እኔ ብረሳው ፊኛዬ አይረሳውም።

ደግሞ የከተማው ሰው እንዲህ በየዳሩ መበታተኑ አዲስ ነገር አይደለም። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ሰፈረ» ነው የመጣው። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየኮረብታው ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር። በመሀል ወንዝና ባዶ ሜዳ ነበር። ከዚያ ማገዶው አለቀ። ምኒልክ መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ያስቀረን ባህር ዛፍ ነው። ያው ባህር ዛፍ ዛሬም አጣና ሆኖ ጅምር ፎቁን ደግፎ ይዟል። እና ድሮም ተበታትነን ነው የኖርነው። ልዩነቱ ራሶቹ ደስ ባላቸው ኮረብታ ሰፈሩ፤ እኛን የሚያሰፍረን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው።

ዕጣ የደረሰው ሰው እልል ይላል። እኔም ብያለሁ። በማግስቱ ነው ሂሳቡ የሚገባህ። መሥሪያ ቤቱ መሀል ቀርቷል። ሆስፒታሉ መሀል ነው፣ መርካቶም ያው መርካቶ ነው። ከከተማ የወጣው አልጋህ ብቻ ነው። አያቴ ይሄን ብታይ «የውጭ አልጋ» ያለችው ሌላ ትርጉም ያገኝ ነበር። በሌሊት ተነሥተህ ትሄዳለህ፣ በሌሊት ትመለሳለህ። ልጅህ ተኝቶ ትተወዋለህ፣ ተኝቶ ታገኘዋለህ። በ2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር እስከ አያት ወሰደን። ደግ አደረገ። ቤቱ ግን አያት ላይ አልቆመም።

በሦስተኛው ታክሲ ደረስኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ደረጃው ላይ ጀሪካን የተሸከሙ ልጆች እየተጋፉ ይወጣሉ። የወዳጄ ሚስት ቡናውን እየቆላች ነው። ወዳጄ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እጄን ይዞ ወደ በረንዳው ወሰደኝ።

እውነቱን ነው፣ ይታያል። ፎቆቹ ሩቅ፣ አቧራው ውስጥ፣ እንደ ክብሪት እንጨት ቆመዋል።

በረንዳው ላይ የሚስቱ እናት ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እዚህ የመጡት ሰንጋ ተራ ሲፈርስ ነው።

«ያ ቀጭኑ ይታይሃል ልጄ?» አሉኝ በጣታቸው። «ከእሱ ወዲህ ነበር ማድ ቤቴ።»

«ይታየኛል እማማ።»

«እዚያ እያለሁ እንኳን ከተማ የጎረቤቴን ግቢም አላይ፤ ቆርቆሮው ይጋርደኝ ነበር። አሁን ይኸው ቁጭ ብዬ ነው የማየው።» ትንሽ ለቀሙና «ጀሞ ነህ አሉኝ፤ የእድራችን ሰዎች እዚያም ቤት ደርሷቸዋል» አሉ።

ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ሄደ። «ቆይ እንጂ! ሲመሽ እኮ ነው የሚያምረው፤ መብራቱ ሲበራ» አለኝ ወዳጄ። ሲመሽ ታክሲ የለም። ቶሎ ብዬ ስልኬን አውጥቼ አንድ ፎቶ አነሣሁ። ግማሹን የጎረቤት ብርድ ልብስ ያዘው፣ ሩቡን ዲሽ። ያንኑ ለቨርጂኒያዋ ላክሁላት።

መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆሜ መልሷ ገባ። «ይሄ ደግሞ የት ነው?»

«ቦሌ» ብዬ ጻፍኩላት።